የጋሼ ሁለት ቴራ

እኔ ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የለኝም። ባሌ ያውቃል፣ የማስተምራቸው ልጆች ያውቃሉ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። እንዲህ የሆንኩት ሴት ግን ሁለት ወር ሙሉ አንዲት መዳፍ የምታህል ዕቃ ስመርጥ ከርሜ፣ መርጬም ስጨርስ፣ ያልመረጥኩትን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሰበቡ ሳሎናችን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር ነው። በመምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አሮጌውን ገዛሁት፤ እኔ ጋ ደግሞ እንደገና አረጀ። ማብሪያውን ተጭኜ ሽሮ እጥዳለሁ። ሽሮው ይንተከተካል፣ ይወርዳል፣ ይበላል፤ እሱ ገና ያችን ክብ ምልክቱን ያሽከረክራል። አንድ የፈተና ወረቀት ልጽፍ ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጬ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ስሳደብ እገኛለሁ።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ባሌ ፋርማሲስት ነው፤ ከጎጃም ደጋ ተመድቦ መጥቶ፣ ስንት ዓመቱ፣ የሮቢትን ሙቀት ዛሬም አልለመደውም። ከሥራ ሲገባ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል ያደርግና ያለችንን አንድ ቬንቲሌተር ወደ ራሱ ያዞራል። እኔ መልሼ ወደ ኮምፒውተሩ አዞራለሁ።

"ባልሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" ይለኛል።

"አንተ ብትግል ፎቶ አይጠፋብኝም" እለዋለሁ።

ፎቶ ያልኩት ቀልድ አልነበረም። የፈተናው ወረቀት ቢጠፋ እንደገና ይጻፋል። የባሌ ፊልሞችማ ቢጠፉ ደስታዬ ነበር። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አሥራ አንድ ፎቶ አለ፤ የእህቴ ልጅ ክርስትና የተነሳች ዕለት አጣዬ ላይ ያነሳኋቸው ናቸው። ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ፤ ካሜራውን ከጓደኛዬ ተውሼ ነው የሄድኩት። ከአሥራ አንዱ አንደኛው ላይ የእህቴ ባል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አድርጎ ይስቃል። ሰውዬው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ታሞ ሞተ።

የታጠቡት ፎቶዎች እህቴ ቤት አልበም ውስጥ ነበሩ። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ቤቱ ነደደ፣ አልበሙም አብሮ ነደደ። እህቴ ልጇን ይዛ፣ በለበሰችው ልብስ፣ እኛ ቤት ገባች። አንድ ዓመት ያህል አብራን ቆይታ ተመልሳ፣ አንዲት ክፍል ሠርታ፣ ሱቋን እንደገና ከፈተች። ፎቶዎቹን በጠየቀችኝ ቁጥር "አለልሽ እትዬ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለልሽ" እላታለሁ። አንድ ጊዜ ላሳጥብላት ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ብሰካው ቫይረስ በላው። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ይህኛው የማንም ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እህቴ ደወለችልኝ።

"ያችን አባቷ ያቀፋትን አሳድገሽ አሳጥቢልኝ" አለችኝ። "ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ እንድከትላት። አባቷ እንዳቀፋት ሌላ ምን ማስረጃ አላት?"

"ምን ችግር አለው፣ አለልሽ" አልኳት እንደ ልማዴ። በነጋታው ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ።

ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ጥገና ቤት ያለው ሰውዬ ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ወሬ የማይወድ፣ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ነው። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠና ሶኬቱን ነቀለው።

"ቲቸር፣ ሃርድ ዲስኩ አልቋል" አለኝ። "ውስጡ የሚሽከረከረው ነገር እየተላተመ ነው።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ኤስኤስዲ ግዢ። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ አይጮህም፣ ፈጣን ነው። እስክትገዢ ድረስ ግን ይህንን እንዳታስነሺው። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነሳልኝ ብለሽ አስቢ። በዚያች አንድ ጊዜ ፋይሉን ወደ አዲሱ እንገለብጣለን፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

አንድ ጊዜ ብቻ! ስለዚህ የምገዛው ዕቃ የማያሳፍር መሆን አለበት፤ ዋጋው ደግሞ የአስተማሪ ኪስ የሚችለው። ይኸው ነው የሁለት ወሩ ፍዳ።

መጀመሪያ የቴሌግራም ቻናሎችን ከፈትኩ። "ኦሪጅናል" ያልተባለ ዕቃ አንድም የለም። ሁሉም ኦሪጅናል ከሆነ የፎርጅዱ ሻጭ የት ሄዶ ነው? ፎቶው ይለጠፋል፣ ስልኩ ይለጠፋል፣ ዋጋ ሲባል "በውስጥ መስመር ያናግሩን"። እንዴ! ዋጋ ምን ምስጢር አለው? በውስጥ መስመር ሳናግራቸው ደግሞ "ስንት ይፈልጋሉ?" "ለምን ፈለጉት?" "የት ነው ያሉት?" ይሉኛል። ሮቢት ነኝ ስል ዝም።

ቀጥሎ የከተማችንን ሱቆች ዞርኩ። አንዱ ጋ ረጅም ማስቲካ የምትመስል ቀጭን ነገር አወጣልኝ። የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር የሚቀበለው ጠፍጣፋ ሳጥን የሚመስለውን ነው፤ ይህንን ከጠጋኙ ተምሬያለሁ።

"ይቺ የእኔ ላይ አትገባም" አልኩት።

"ትገባለች እህቴ፣ ትንሽ ትገፊያታለሽ" አለኝ። ትንሽ ትገፊያታለሽ! ያን ቀን እዚያ ሱቅ ውስጥ የተናገርኩትን አልጽፈውም።

ሌላው ጋ ጠፍጣፋው ተገኘ። ሰኞ የጠየቅኩት ዋጋ ሐሙስ ስመለስ ጨምሯል።

"ዶላር ጨመረ" አለኝ።

"ዕቃው እኮ ሰኞም እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አቧራው ራሱ ያው ነው።"

"ምን ላድርግ እህቴ፣ ገበያው ነው።"

በንዴት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ደብተር አወጣሁ። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ሠንጠረዥ መሥራት እንጀራዬ ነው። የዕቃውን ስም፣ መጠን፣ ፍጥነት፣ የስንት ጊዜ ዋስትና እንዳለው፣ ዋጋውን ጻፍኩ። መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ በጣም ያንሳል፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለቱ ከአቅሜ በላይ ነው። ስም የሌላቸውንና ዋስትና የማይጻፍላቸውን በቀይ ሰረዝኩ። አንድ ነገር ደግሞ ጠርቶ ታየኝ፤ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር ዋጋው መጨመሩ አይቀርም፣ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ስለዚህ መጠኑ የበዛ፣ ዋጋው ያነሰ ዕቃ ሳይ ከእንግዲህ አልሸወድም አልኩ። በመጨረሻ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋውን መረጥኩ። የታወቀ ስም ነው፣ ዋስትናው በወረቀት ይሰጣል፣ ደሞዝ እስኪገባ መጠበቅ ብቻ ነው የቀረኝ።

ባሌ ደብተሩን አየና፣ "እኔን ስታገቢኝ እንዲህ ሠንጠረዥ ሠርተሽ ነበር?" አለኝ።

"አልሠራሁም፤ ይኸው ዋስትና የለህም" አልኩት።

እዚህ ላይ ጋሼ ይገባሉ።

ጋሼ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ትምባሆ እርሻው ላይ ትራክተር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ፣ በዚህ ሙቀት ኮት የሚለብሱ ሽማግሌ። እህቴ ከአጣዬ የመጣች ዕለት፣ እኛ ገና ምን እንደምናደርግ ግራ ሲገባን፣ የራሳቸውን ፍራሽ ከአልጋቸው ላይ አንስተው በአጥር ያሳለፉልን እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ስንት ቀን ጠፍር ላይ እንደተኙ ያወቅነው ቆይተን ነው። እንዲህ ላለ ሰው አይሆንም የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፤ ከእኔ አፍ እንኳ።

በአጥር በኩል ከባሌ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምተዋል ለካ። ልጃቸው የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ነገሩን በስልክ ነግረውት፣ አስመጥተው፣ እሱ ምሳ ሊበላ ጀውሃ ከተማ ሲቆም በሚኒባስ ሄደው ተቀብለውታል። ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በላብ ተጠምቀው በራችን ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ጣጣሽን ጨረስኩልሽ" ብለው ከኮታቸው ኪስ አንዲት ጥቁር ሳጥን አወጡ። "ሁለት ቴራ ናት አለኝ። አንቺ የፈለግሽው ስንት ነበር?"

"ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ ነው ጋሼ።"

"እና ይቺ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች?"

"ስምንት እጥፍ ትበልጣለች።"

"ተመስገን!" አሉና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ዋጋዋን ነገሩኝ። እኔ ከመረጥኩት ከትንሹ ዕቃ ታንሳለች። ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ስም ሁለት ወር ሙሉ ስፈልግ የትም አላየሁትም። አወቅኩ። ያናደደኝ ይኸው ነው፤ ባላውቅ ኖሮ "ተታለልኩ" ብዬ እገላገል ነበር። ደብተሩ ራስጌዬ ነው፣ ቀዩ ሰረዝ አልደረቀም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሰውዬው በዚያ ፀሐይ ጀውሃ ድረስ ሄደው መጥተዋል፤ ላባቸው ከግንባራቸው ላይ አልደረቀም።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምን ብዬ ልመርቅዎ" አልኩና ተቀበልኩ።

እሳቸው ሲወጡ ባሌ ፎጣውን ከአንገቱ አነሳ። "አስፈትሻት" አለኝ። "ጠጋኙ ጋ ውሰጂና መጀመሪያ አስፈትሻት። ፎቶው ላይ እንዳትጫወቺ።"

"አውቃለሁ፣ አትንገረኝ!" ብዬ ጮህኩበት። እውነቴን ነበር፤ ላስፈትሻት ቆርጬ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ የኮምፒውተሩን ሳጥን ባጃጅ ላይ ጭኜ ስወጣ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። "እኔም ልይልሽ እንጂ" ብለው ከጎኔ ገቡ። ምን እላለሁ?

ጠጋኙ ዕቃዋን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጋት። "ቀለለችኝ" አለ። ከዚያ ጋሼን አየ፣ እኔን አየ። "ቲቸር፣ መጀመሪያ ሙሉ ፍተሻ ላድርግባት። እስክትሞላ እጽፍባታለሁ፣ መልሼ አነባታለሁ፤ የተባለውን ያህል መያዟን እናያለን። ነገ ተነገ ወዲያ ትደርሳለች። ያንኛው አንድ ጊዜ ነው የሚነሳው ብዬሻለሁ።"

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ እኔም እችልበታለሁ። ግራ በመጋባት ብቻ አዩት።

"ምኑ ነው የሚፈተሸው? ልጄ እኮ ነው ያመጣው" አሉ።

ሰውዬው እኔን ይጠብቃል። "አዎ፣ ይፈተሽ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፎቶው ታየኝ፣ እህቴ ታየችኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያ ፍራሽ በአጥር ላይ ሲያልፍ ታየኝ።

"ኧረ አያስፈልግም!" አልኩ፤ ሳቅም ጨመርኩበት። "ጋሼ ያመጡትን ነው የምንፈትሸው?"

"እንዳልሽ" አለና ፊቱን መለሰ።

አዲሷ ላይ ዊንዶውስ ተጭኖ ሲያልቅ አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ ተነሳ። ጠጋኙ ሁሉንም አንድ ላይ መርጦ ግልበጣውን ጀመረው፤ በተርታው መጀመሪያ የባሌ ፊልሞች፣ ቀጥሎ የእኔ ፈተናዎች፣ መጨረሻ ላይ የፎቶው ፎልደር። "ፎቶውን አስቀድምልኝ" ማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሱም አልመጣልኝም። ወንበር ላይ ቁጭ ብለን አረንጓዴው መስመር ሲሞላ እናያለን። ጋሼ መስመሩ በገፋ ቁጥር "ጎሽ፣ ጎሽ" ይሉታል። ሲያልቅ ፎልደሩን ከፈትን፤ አሥራ አንዱም ከነስማቸው ከነመጠናቸው ተደርድረዋል። አንዱን ልከፍት እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲመጣ አሮጌው ዲስክ አልተነሳም። አንድም ቀጭ አላለም።

"ዋናው ተሻግሯል" አሉ ጋሼ፣ ለስላሳም ጋበዙን።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሽሮው ውሃው እንኳ ሳይሞቅ ተነሳ። ባሌ አጨበጨበ፣ አንዱን ፊልሙን ከፈተ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። "ተሳስቼ ነበር ማለት ነው" አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ፎቶውን የከፈትኩት በነጋታው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው።

የመጀመሪያው ያ አባቷ ያቀፋት ነበር። ከላይ ጀምሮ መጣ፤ ግድግዳው፣ ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ያ ሳቁ፣ ትከሻው። ከዚያ በታች ግራጫ። ዝም ያለ ግራጫ፣ እስከ ታች ድረስ። ሕፃኗ የለችም፣ እጆቹም የሉም። ሁለተኛውን ነካሁ፤ ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም አለኝ። ሦስተኛውም። አሥራ አንደኛውም። የባሌ ሠላሳ ሁለት ፊልም ግን አንድም ሳይጎድል በሰላም ተሻግሯል!

ጮህኩ ብል ውሸት ነው። እኔ፣ በትንሹም በትልቁም የምጮኸው፣ ሶኬቱን ነቅዬ ተነሳሁ።

ጠጋኙ ጋ ስሄድ ምንም ሳልናገር ገባው። ሳጥኗን በቢላ ጫፍ ከፈታት። ውስጧ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥጓ ላይ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ተሰክታለች።

"ስድሳ አራት ጊጋ ናት" አለኝ። "ሁለት ቴራ ነኝ እንድትል አድርገው ነው የሠሯት። ከሞላች በኋላም የሰጠሻትን ሁሉ እሺ፣ እሺ እያለች ትቀበላለች። አልቻልኩም አትልም።"

ይህን ሲል ዓይኑ የት እንዳረፈ አላየሁም፤ እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። አሮጌውን ዲስክ አዲስ አበባ ለሚከፍቱ ሰዎች ላክነው፤ ውስጡ ተፍቋል ብለው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለመናገር አፍራለሁ። እህቴ ስትደውል "መብራት የለም" አልኳት። "የሚያጥበው ሰውዬ ቀለም ጨርሷል" አልኳት። ልጅቷ የምትሄድበት ቀን እየቀረበ ነው፤ እኔ ሰበብ እየቆጠርኩ ነው። ጋሼ ደግሞ በየማለዳው በአጥር በኩል ብቅ ይላሉ።

"እንዴት ሆነች?"

"በጣም ጥሩ ናት ጋሼ! በራሪ ናት!" እላለሁ። ለዚያውም ማንም አላስገደደኝ። ወደ ውስጥ ስገባ የገዛ ጉንጬን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ባሌ አንድ ቀን፣ "ንገሪያቸው" አለኝ።

"አንተ ንገራቸው!"

"እኔንማ ማን ፍራሽ ሰጠኝ?" አለና ፎጣውን ሊነክር ሄደ።

እህቴ ሳትደውል መጣች። ረቡዕ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስገባ ሳሎን ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ጭኗ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታ አሳየችኝ። ፍሬም ነው፣ ዳሩ ወርቃማ፣ መስታወቱ ያልተነካ።

"መብራቱም ይምጣ፣ ቀለሙም ይምጣ፣ ዛሬ ሳልይዝ አልሄድም" አለችኝ። "ልጄ ቅዳሜ ነው የምትሄደው።"

ከዚህ በላይ የት እሸሻለሁ? ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ፎቶውን አመጣሁላት። ከላይ የባሏን ፊት ስታይ ፈገግ አለች፣ ከወንበሯ ወደ ፊት ሳብ አለች። ትንሽ ጠበቀች፤ የቀረው የሚመጣ መስሏታል። ከዚያ ጣቷን ግራጫው ላይ አሳረፈች።

"ልጄስ?" አለችኝ። "ልጄ የታለች?"

ሁሉንም ነገርኳት። ደብተሩን፣ ቀዩን ሰረዝ፣ ጀውሃን፣ ባዶዋን ሳጥን። ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ከባሏ ፊት ላይ አላነሳችም።

"እያወቅሽ ለምን አላስፈተሽሻትም?"

"ጋሼ አጠገቤ ነበሩ እትዬ። ምን ይሉኛል ብዬ ነው።"

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ እህቴ መምጣቷን ሰምተው ሁለት ፓፓያ ይዘው መጥተዋል። ሳሟት፣ የልጅቷን መሄድ ጠየቁ፣ መረቁ። ኮምፒውተሩን ፊት ለፊት አያዩትም፣ ዓይናቸው ከሩቅ አያይም።

"ለመሆኑ እንዴት ሆነችልሽ?" አሉኝ።

"ደህና ናት ጋሼ፣ በጣም ጥሩ" አልኩ። እህቴ አጠገቤ ሆና! እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይደርቅ!

"አላልኩም? እንዲያውም ለሰበካ ጉባኤው አንዷን አምጣ ብዬዋለሁ ልጄን። የክርስትና መዝገቡን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ሊያስገቡ ነው አሉ፤ አሮጌው ወረቀት ምስጥ እየበላው። ነገ ጀውሃ ወርጄ እቀበለዋለሁ" አሉና ተሰናብተው ወጡ።

እህቴ በሩን ዘጋችው።

"አልበሙ ቤት ውስጥ አልቀረም ነበር" አለችኝ።

"ምን?"

"የዚያን ቀን። ይዤው ወጥቼ ነበር፣ እስከ ደጃፉ። የልጄን እጅ በአንድ እጄ፣ አልበሙን በብብቴ። መንገዱን ሳየው ሰዉ እናቱን አዝሎ ይሮጣል፣ በሽተኛ ተሸክሞ ይሮጣል። እኔ ፎቶ ታቅፌ! ሰው ነፍሱን ሲያወጣ ይቺ ፎቶ ይዛ ትሮጣለች ይሉኛል አልኩና ተመልሼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።"

ይህን ስንት ዓመት ለማንም አልተናገረችም። አብራኝ አንድ ዓመት ኖራ ለእኔ እንኳ "ተቃጠለ" ብቻ ነበር ያለችኝ።

"ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "ያን ሁሉ መንገድ ስሮጥ አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። ማን ነበር የሚለኝ?"

ፍሬሙን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ይሄንኑ አሳጥቢልኝ፣ እንዳለ። እዚህ ጋ አንቺ ነሽ ያለሽው ብዬ እኔ እነግራታለሁ።"

ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ። ጋሼ የራሳቸው በር ላይ ደርሰው ቁልፋቸውን ከኮታቸው ኪስ እየፈለጉ ነው።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ቆይ እስቲ ይጠብቁኝ።"

"ምነው ልጄ?"

ፊቴን በእጄ ጠረግኩ። ሙቀቱ ነው ልበል? ወደ ኋላዬ ሳይ እህቴ ደጃፋችን ላይ ቆማለች።

"ያቺ ያመጡልኝ ዕቃ ውሸቷን ነው ጋሼ። ሁለት ቴራ አይደለችም። የእህቴን ፎቶ አጠፋችብኝ። ለሰበካው እንዳያመጡ፣ ልጅዎም ከሸጠለት ሰው ሁለተኛ እንዳይገዛ።"

ጋሼ ቁልፋቸውን መፈለግ ተዉ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንደሆነ ቆሙ። ፊታቸው ላይ የፈራሁት ቅያሜ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር፣ ከቅያሜ የባሰ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ሌላ ሰበብ ፈለግኩ፤ አንድም አልቀረኝም።

"ገና ይዘዋት የመጡ ዕለት" አልኳቸው።